ሞክሼ ከተሞች

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞክሼ ነው። የሰው ሞክሼ ግን አይደለም፤ የአገር፣ የከተማና የወንዝ ሞክሼ ነው። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ዓመት በጠራሁ ቁጥር የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

በአንድ ተማሪ ልጀምር። በ2017 አንድ የ18 ዓመት ሆላንዳዊ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት አውስትራሊያን ልያት ብሎ ተነሳ። ወደ ሲድኒ የሚሄድ ቲኬት ሲፈልግ አንዱ ረከሰለት። ገዛ። ጉዞው በቶሮንቶ በኩል ነበር። ቶሮንቶ ላይ ለሚቀጥለው በረራ ሲሳፈር አውሮፕላኗ ትንሽ ናት። ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጣ አውስትራሊያ የምትገባ አትመስልም። አልገባችምም። ልጁን ያወረደችው እዚያው ካናዳ ውስጥ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ 30,000 ያህል ሰው በሚኖርባት ሲድኒ ነው። ውጭው በረዶ፣ እሱ የለበሰው ስስ ጃኬት።

ታዲያ ልጁ ተሳሳተ ይባላል? ቲኬቱ ሲድኒ ይላል፤ የደረሰውም ሲድኒ ነው። የመጀመሪያውም ሰው አይደለም። በ2002 ሁለት እንግሊዛውያን ወጣቶች እንዲሁ አውስትራሊያ ብለው ተነስተው እዚያችው የካናዳዋ ሲድኒ ላይ ዱብ ብለዋል።

ይህን የሰማ ሁሉ ይስቅና ያልፈዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ ከተሞች ስም እንዴት አንድ ሆነ? በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የተጠሩት በአንድ ሰው ስም ነው። ቶማስ ታውንሸንድ የሚባል የብሪታንያ ሚኒስትር ነበረ። ማዕረጉ ሎርድ ሲድኒ ነው። የካናዳዋ ከተማ በ1785 ተቆረቆረች፤ የአውስትራሊያዋ በ1788 ተከተለች። ስለዚህ ታላቋ የካናዳዋ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ ስሙን ጠቅልላ የወሰደችው ታናሽየዋ ናት።

እኔ የምለው ይህን ነው። ስም ሲወጣ ሞክሼ የሚባል ነገር የለም። ስም አውጪው የሚያስበው ወይ አጠገቡ ያለውን ሰው ነው፣ ወይ ጥሎት የመጣውን አገር፣ ወይ አለቃውን። ዓለም ላይ ሌላ ማን በዚህ ስም ይጠራል ብሎ የሚያጣራ የለም። ሞክሼነት የሚመጣው ኋላ ነው፤ መንገድ ሲከፈት፣ ፖስታ ሲጀመር፣ አውሮፕላን ሲበር። ያኔ ነው "የትኛዋ?" የሚል ጥያቄ የሚነሳው። እኔ ደግሞ ከስሙ ይልቅ የምወደው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ነው።

ከወንዝ እንነሳ። እንግሊዝ አገር ኤቮን የሚባል ወንዝ አንድ አይደለም፤ በርከት ያለ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ እዚያ ምድር ሳይገባ በፊት ይነገር ከነበረ ቋንቋ የመጣ ነው። የዚያ ቋንቋ ዘመድ የሆነው ዌልሽ ዛሬም ወንዝን በዚያው ቃል ይጠራዋል። ባላገሩ "ወንዙ" ይል ነበር፣ በቃ። ሌላ ወንዝ ከሌለህ ለወንዝህ ስም ምን ይሠራልሃል? ኋላ የመጡት ሰዎች ቃሉን እንደ መጠሪያ ስም ያዙት። አሁን ካርታ ላይ "ኤቮን ወንዝ" ተብሎ ሲጻፍ "ወንዝ ወንዝ" ተብሎ መጻፉ ነው።

ትሪፖሊም እንዲሁ ናት። በግሪክኛ "ሦስት ከተማ" ማለት ነው። ሊቢያ ዳርቻ ላይ ኦያ፣ ሳብራታና ሌፕቲስ ማግና የሚባሉ ሦስት ከተሞች ነበሩ፤ ስሙ የወጣው ከእነሱ ነው። ሊባኖስም ትሪፖሊ አላት። ግሪክም አላት። ዓረቦቹ የሊቢያዋንና የሊባኖሷን እንዳያምታቱ አንዷን የምዕራብ፣ ሌላዋን የሻም፣ ማለትም የሶርያ ወገን፣ ጠራቡሉስ ብለው ለዩዋቸው። አያችሁ፣ የአባት ስም ተሰጣቸው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን "አዲስ ከተማ" የሚለው ስም ነው። ሰው ከተማ ሲቆረቁር አዲስ ነው። አዲስነቱ የሚያልፍ አይመስለውም። የጣሊያኗ ናፖሊ በግሪክኛ "አዲስ ከተማ" ናት፤ ዕድሜዋ ግን ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። የፍልስጤሟ ናብሉስ ያው ኔያፖሊስ ናት፤ ዓረብኛ "ፐ" ስለሌለው "በ" ሆኖ ቀረ። የሩሲያዋ ኖቭጎሮድም "አዲስ ከተማ" ማለት ነው፤ ከሩሲያ አሮጌ ከተሞች አንዷ ግን እሷ ናት።

አሁን ደግሞ ጆሯችሁን ስጡኝ። ፊንቄያውያን ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር ዳርቻ አንድ ከተማ ቆረቆሩና "ቃርት ሐዳሽት" አሉት። ቃርት ከተማ ነው። ሐዳሽትስ? እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። ሐዲስ ኪዳን ሲባል ያለው ሐዲስ ነው! የእኛው "አዲስ" ነው። ፊንቄኛም ግዕዝም አማርኛም ሴማዊ ናቸውና ሥሩ አንድ ነው። ሮማውያን ይህን አዲስ ከተማ ካርታጎ አሉት፤ እኛ ካርቴጅ የምንለው ነው።

እነዚሁ የካርቴጅ ሰዎች ቆይተው ስፔን ተሻገሩና እዚያም ሌላ ከተማ ሠሩ። ምን ብለው ጠሩት? አሁንም ቃርት ሐዳሽት። አዲስ ከተማ ነዋ! ሮማውያን ተምታታባቸው። ስለዚህ ሁለተኛውን "አዲሲቱ ካርታጎ" አሉት። በጥሬ ትርጉሙ "አዲሱ አዲስ ከተማ" ማለት ነው። ይህ ስም ከዘመን ብዛት ካርታሄና ሆነ። በ1533 ደግሞ ስፔኖች ዛሬ ኮሎምቢያ በሆነው ምድር ላይ ወደብ ሲቆረቁሩ ያንኑ ካርታሄና የሚለውን ስም ሰጡት። ትርጉሙን ያወቀ የነበረ አይመስለኝም። ሴማዊው "አዲስ" እንዲህ እንዲህ እያለ ከፊንቄ ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ስፔን፣ ከስፔን ወደ ካሪቢያን ባሕር ሄደ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ዛሬ የኮሎምቢያዋ ከስፔኗ በሕዝብ ብዛት በብዙ ትበልጣለች።

ሞክሼ ያስቸገረው የዘመኑን መንገደኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፍ ቅዱስን እዩ። ነቢዩ ሚክያስ ቤተ ልሔምን ሲጠራ "ቤተ ልሔም ኤፍራታ" ይላታል። ማቴዎስም የጌታን ልደት ሲጽፍ የይሁዳ ቤተ ልሔም መሆኗን ይነግረናል። ለምን ይመስላችኋል? ሌላ ቤተ ልሔም ስለነበረች ነው። መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 19 ከዛብሎን ነገድ ርስት ውስጥ ቆጥሯታል። ያቺኛዋ ገሊላ ውስጥ ናት፤ ያውም ከናዝሬት ብዙም ሳትርቅ። ናዝሬት ስላደገ ሰው የሚጽፍ ሰው "ቤተ ልሔም" ብቻ ብሎ ቢተው አንባቢው ወደ ቅርቧ ሊሄድበት ይችላል። ኤፍራታ የሚለው ቃል ለጌጥ ብቻ የገባ አይመስለኝም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ደግሞ ይባስ ነው። ጳውሎስና በርናባስ ከአንጾኪያ ይነሳሉ። ባሕር ያቋርጣሉ፣ ደሴት ያልፋሉ፣ ተራራ ይወጣሉ። ከዚያስ የት ይደርሳሉ? አንጾኪያ! ልጅ ሆኜ ሳነበው ሰዎቹ ዞረው የተመለሱ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የተነሱባት የሶርያዋ ናት፤ የደረሱባት የጲስድያዋ። አንጾኪያዎቹ እንዲህ የበዙት ከታላቁ እስክንድር የጦር መሪዎች አንዱ በነበረው በሰሌውቆስ ምክንያት ነው። አባቱ አንጥዮኮስ ይባል ነበር። አፒያን የሚባለው የጥንት ታሪክ ጸሐፊ እንደሚቆጥረው ሰሌውቆስ ለአባቱ 16 አንጾኪያ ቆረቆረ። ለእናቱ 5 ሎዶቅያ፣ ለራሱ 9 ሰሌውቅያ። ሚስቶቹም አልተረሱም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ወዳድ ንጉሥ ለካርታ አንሺ መከራ ነው።

ሰሌውቆስ ይህን የተማረው ከጌታው ነው። እስክንድር በደረሰበት ሁሉ እስክንድርያ ተክሏል፤ ሌላው የጥንት ጸሐፊ ፕሉታርክ የቆረቆራቸውን ከተሞች በጠቅላላው ከ70 በላይ ያደርሳቸዋል። ቁጥሩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ግን ከግብጿ እስክንድርያ ሌላ ማዕከላዊ እስያ ድረስ ያሉ እንደነበሩ የታወቀ ነው። የመጨረሻዋ ዛሬ ታጂኪስታን ውስጥ ስትሆን ስሟም "ሩቋ እስክንድርያ" ነበር። ፈረሱ ሲሞት ለፈረሱም ከተማ ቆርቁሮለታል። የፈረሱ ከተማ ግን ሞክሼ አላገኘችም።

ከሥልጣን ይልቅ ልብ የሚነካው ናፍቆት ነው። አገሩን ጥሎ የሄደ ሰው ስሙን ይዞ ይሄዳል። የካናዳዋ ለንደን መሐል የሚያልፈው ወንዝ ቴምስ ይባላል፤ ሰዎቹ ከተማውን ብቻ ሳይሆን ወንዙንም ይዘው ነው የመጡት። ላሊበላ ላይ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ዮርዳኖስ ነው። የሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ የተጠራችው እንድትቆረቆር ያዘዘው ሰው በተወለደባት በስፔኗ ጓዳላሃራ ነው። የስፔኗ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከዓረቦች ነው፤ "ዋዲ አል ሒጃራ"፣ የድንጋይ ሸለቆ። ስለዚህ ሜክሲኮ ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ያላነሰ ሰው የሚኖርበት ትልቅ ከተማ ዓረብኛ ስም ይዞ ተቀምጧል። አንድም ዓረብ አልሰየመውም።

አንዳንዴም ልጅ ስሙን ይዞ ወላጅ ይጥለዋል። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በ1888 የተቆረቆረች ሴንት ፒተርስበርግ አለች። ስሟ የወጣው በአንድ የሩሲያ ተወላጅ የባቡር ሐዲድ ሠሪ ምክንያት ነው። የሩሲያዋ እናቷ በ1914 ፔትሮግራድ ሆነች። በ1924 ሌኒንግራድ ሆነች። ወደ ድሮ ስሟ የተመለሰችው በ1991 ነው። በእነዚያ 77 ዓመታት ፍሎሪዳዊቷ የእናቷን ስም ብቻዋን ስትጠብቅ ቆየች። የካናዳዋ በርሊን ግን እንዲህ አልታደለችም። ከጀርመን የመጡ ሰፋሪዎች የበዙባት ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ስሟ የጠላት ዋና ከተማ ስም ሆኖ ተገኘ። በ1916 ድምፅ ተሰጠና ኪችነር ተባለች፤ በዚያው ዓመት ባሕር ላይ በሞተው የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር ስም።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ዝምድና ያለው ነው። ጭራሽ ዝምድና የሌለው ሞክሼስ የለም ወይ? አለ። ጆርጂያ።

ሞክሼ ፊደላትን ታውቃላችሁ፤ ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ። ዛሬ ስናነባቸው ድምፃቸው አንድ ነው። ዱሮ ግን የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። መነሻቸው ሌላ ሌላ ነው፤ አፋችን ላይ ሲደርሱ ተገናኙ። ሁለቱ ጆርጂያዎችም እንደዚያ ናቸው። የአሜሪካው ክፍለ ግዛት በ1732 በብሪታንያው ንጉሥ በዳግማዊ ጆርጅ ስም ተሰየመ። የካውካሰሷ አገር ሕዝብ ግን ራሱን ጆርጂያ ብሎ አይጠራም፤ አገሩን ሳካርትቬሎ ነው የሚለው። ጆርጂያን ያወጡላቸው ባዕዳን ናቸው። ብዙዎች ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ያያይዙታል፤ የቋንቋ ሰዎች ግን ሥሩን ፋርሶች ይጠሯቸው ከነበረው "ጉርጅ" ከሚለው ስም ያመጡታል። እንግዲህ አንዱ በንጉሥ፣ ሌላው በፋርስ አፍ በኩል መጥተው ካርታ ላይ አንድ ሆኑ። ፊደል ቢሆኑ አንዱን በሰ ሌላውን በሠ እንጽፋቸው ነበር።

ስም የሚያጣላበትም ቦታ አለ። በ1960፣ በሁለት ወር እንኳ ሳይራራቁ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ነፃ ወጡ። አንዷ ከቤልጂየም፣ ሌላዋ ከፈረንሳይ። ሁለቱም "የኮንጎ ሪፐብሊክ ነኝ" አሉ። ማንም አልለቀቀም። ዋና ከተሞቻቸው በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ወንዙም ኮንጎ ነው። ዓለም ምን ያድርግ? ዋና ከተማቸውን እንደ አባት ስም ቀጠለላቸው፦ ኮንጎ ሊዮፖልድቪል፣ ኮንጎ ብራዛቪል። ሁለቱም የአባት ስሞች የቅኝ ገዢ ሰዎች ስም ናቸው፤ አንዱ የንጉሥ ሊዮፖልድ፣ አንዱ የዴ ብራዛ። ሊዮፖልድቪል በ1966 ኪንሻሳ ተባለች፤ ብራዛቪል ግን ዛሬም ብራዛቪል ናት። በ1971 የኪንሻሳው ገዢ ሞቡቱ የእሱን ኮንጎ ዛየር አለው። ዛየር ደግሞ ፖርቹጋሎች ያበላሹት የአገሬው ቃል ነው፤ ትርጉሙ... ወንዝ። ኤቮንን አስታወሳችሁ? በ1997 ሞቡቱ ሲወድቅ ኮንጎ ተመለሰ።

የሁለቱ ጠብ ስለ ማን ስም ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጥንት የኮንጎ መንግሥት የሚባል ትልቅ ግዛት ነበር። የዚያ መንግሥት ዋና ከተማ ምባንዛ ኮንጎ ዛሬም አለች። የት? አንጎላ ውስጥ! ከሁለቱም ኮንጎዎች ውጭ።

የመቄዶንያው ደግሞ የባሰ ነው። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ፣ በ1991፣ አንዷ ቁራጭ በመቄዶንያ ስም ነፃ አገር ሆነች። ግሪክ እምቢ አለች፤ መቄዶንያ የሚባል ክፍለ ሀገር አለኝ፣ እስክንድርም የእኔ ነው ብላ። በ1993 አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስትገባ የተሰጣት መጠሪያ "የቀድሞዋ የዩጎዝላቪያ ሪፐብሊክ መቄዶንያ" የሚል ነበር። ወንበር የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። "ኤም" ሥር ብትቀመጥ ግሪክ አትወድም። ስለዚህ መጠሪያዋ በእንግሊዝኛ በሚጀምርባት በትንሿ "ዘ" ቃል ምክንያት "ቲ" ሥር፣ ከታይላንድ ጎን ተቀመጠች። በ2018 ፕሬስፓ ሐይቅ ዳር ስምምነት ተፈረመ፤ በ2019 ሰሜን መቄዶንያ ሆነች። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያከራከረው ነገር በአንዲት "ሰሜን" አለቀ። ጊኒ፣ ጊኒ ቢሳውና ኢኳቶሪያል ጊኒ ግን ያለ ምንም ጭቅጭቅ አብረው ይኖራሉ። ፓፑዋ ኒው ጊኒም አለች፤ እሷ ያለችው ፓሲፊክ ውስጥ ነው። በ1545 አንድ ስፔናዊ መርከበኛ የደሴቷን ሰዎች ሲያይ የአፍሪካ ጊኒ ሰዎች መሰሉትና ያንን ስም ሰጣት።

ሞክሼ መለያው ዘዴ ብዙ ነው። ጀርመኖች ወንዝ ይጨምራሉ፦ የማይኑ ፍራንክፈርት፣ የኦደሩ ፍራንክፈርት። አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ የሚባል ከተማ ከ30 በላይ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ አለ። እዚያ ከ1963 ጀምሮ ሥራውን የሚሠራው የፖስታ ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የራሱ መላ አለው፤ የአውስትራሊያዋ ሲድኒ አውሮፕላን ማረፊያ "ኤስ ዋይ ዲ" ሲሆን የካናዳዋ "ዋይ ኪው ዋይ" ነው። ያ ሆላንዳዊ ልጅ ቲኬቱ ላይ ሦስቱን ፊደሎች ቢያይ ኖሮ ጃኬቱ ባልከዳው።

ግን ፊደልም ቁጥርም የማያድንበት ጊዜ አለ። በ2008 የእንግሊዟ በርሚንግሃም ምክር ቤት ነዋሪዎቹን ቆሻሻ ስለለያችሁልን እናመሰግናለን የሚል በራሪ ወረቀት አሳተመ። 720,000 ቅጂ። ላዩ ላይ የከተማዋ ሕንጻዎች ፎቶ አለ። ፎቶው የአሜሪካዋ የአላባማዋ በርሚንግሃም ሆኖ ተገኘ። ይህቺኛዋ በ1871 በብረት ሥራ እንደ እንግሊዟ እንድትሆን ተመኝተውላት ነው ስሙን የሰጧት። እንኳን ብረቱ፣ ፎቶዋም ደረሰላት።

አንድ ልጨምርና ልጨርስ። ፖርትላንድ ሲሚንቶን የማያውቅ የለም። ስሙ የመጣው እንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ካለችው ከፖርትላንድ ነው፤ ጥሩ የግንባታ ድንጋይ ይወጣባታል። በ1824 ሲሚንቶውን ያስመዘገበው ሰው ሲደርቅ ያንን ድንጋይ ይመስላል አለ። ይህቺው ፖርትላንድ በአሜሪካ ሜይን ክፍለ ግዛት ውስጥ ሞክሼ አላት። ሌላ ሞክሼም ኦሪገን ውስጥ አላት፤ ከሁሉ የምትበልጠውም እሷ ናት።

የኦሪገኗ ስም የወጣው በ1845 ነው። ሁለት ሰዎች መሬቱን በጋራ ይዘውታል። አንዱ ሜይን ካለችው ፖርትላንድ አካባቢ የመጣ ነው፤ ፖርትላንድ ትባል አለ። ሌላው የማሳቹሴትስ ሰው ነው፤ ቦስተን ትባል አለ። አልተስማሙም። ኪሳቸው ውስጥ በ1835 የተሠራች የመዳብ ሳንቲም ነበረች። ከሦስት ሁለቴ የወጣለት ያሸንፋል ተባባሉ። ወረወሩ። የሜይኑ ሰው አሸነፈ። ሳንቲሟ ዛሬ እዚያው ፖርትላንድ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

የተሸነፈው ሰው ቢያሸንፍ ኖሮስ? ከተማዋ ቦስተን ትባል ነበር። የማሳቹሴትሷ ቦስተን ደግሞ ራሷ የእንግሊዟ ቦስተን ሞክሼ ናት። ሳንቲሟ በየትኛውም ፊቷ ብትወድቅ ሞክሼ ከመሆን አያመልጡም ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ስሙንም ይንገረን። ሞክሼ ካለ ከነአባቱ።